«በየትኛው ጠመንጃ?»፦ ስለ ሸዋ ተኳሾች በጻፉ ተጓዦች ላይ የቀረበ ሒስ

ከተማሪዎቼ ጋር ለጥናት ወደ ደብረ ሲና ወርደን ሳለ፥ ከመካከላቸው አንዱ በዕድሜ የገፉ አንድ የአገሩን ሽማግሌ፥ «አባቴ፥ የጥንቱ ሰው በጠመንጃ ዒላማ መምታት ይችል ነበር ወይ?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱለትም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «በየትኛው ጠመንጃ?» ብለው ጥያቄውን ለራሱ መለሱለት። ተማሪው የሚለው አጣ። ጥያቄውን ያመጣው ከአውሮፓውያን የጉዞ መጻሕፍት ነበርና፤ በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሚመረመረው ሰውየው እንጂ ጠመንጃው አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሽማግሌውን ጥያቄ ወደ መጻሕፍቱ ይዞ መመለስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ በያዙት የሸዋ ሰዎች ላይ የተሰጠው ፍርድ በምን ማስረጃ ላይ እንደ ቆመ፥ ማስረጃውስ ፍርዱን ሊሸከም ይችል እንደ ሆነ እንመረምራለን። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የሚያጠና ሰው ያለ እነዚህ መጻሕፍት ሊሠራ አይችልም። የሚሲዮናውያኑ የአይዘንበርግና የክራፕፍ የዕለት ማስታወሻ በ1843 ታተመ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 ወደ አንኮበር የመጣው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ መጽሐፉን በ1844 በሦስት ጥራዝ አወጣ። በዚያው ዓመት፥ አልዩ አምባ ተቀምጦ የነበረውና የሐሪስን መልእክት አጥብቆ የነቀፈው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን የራሱን መጽሐፍ አሳተመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ሁለት ጊዜ ወደ ሸዋ ተጉዞ ሁለቱንም ጉዞ ጽፎልናል። ስለ ገበያው፥ ስለ ግብሩ፥ ስለ ንጉሡ ቤትና ስለ ዘመቻው የነገሩንን ከሌላ ስፍራ አናገኘውም። ስለዚህ ሒሳችን ውለታቸውን ለመካድ አይደለም።

ነገር ግን በነዚህና ከነዚህ በፊት በነበሩት የጉዞ መጻሕፍት ዘንድ ስለ ጠመንጃ ሲነሣ አንድ ዐይነት ፍርድ ደጋግሞ ይመጣል። አበሻ በጦርና በጋሻ፥ በፈረስም ላይ ጐበዝ ነው፤ ጠመንጃ ሲይዝ ግን እጁ አይታመንም፤ መደገፊያ ካላገኘ አይተኩስም፤ ቢተኩስም አይመታም ይባላል። ይህ ፍርድ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ የጠባይ መግለጫ ይሆናል። በየዓመቱ በማነበው የተማሪዎች ድርሰት ውስጥም «ተጓዦች እንደ መሰከሩት» በሚል መግቢያ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲጠቀስ አገኘዋለሁ። ክርክራችን ከዚህ ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ የምስክርነቱን መልክ እንይ። በጉዞ መጻሕፍት ዘንድ ጠመንጃ የሚታየው ብዙ ጊዜ በትርኢት ነው። የዚህ ትርኢት አባት ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህ ስኮትላንዳዊ፥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጠመንጃውን በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻ፥ ቀጥሎም ከሾላ እንጨት የተሠራ ገበታ እንደ በሳ ይተርካል። ታሪኩ አስደናቂ ነው፤ ባሩዱ በርትቶ ከተተኮሰ ሻማ ጋሻ መብሳቱም እውነት ነው። ሆኖም ይህ የኃይል ማሳያ ነው እንጂ የዒላማ መፈተኛ አይደለም። በቅርብ የቆመን ገበታ ለመምታት ማነጣጠር እንኳ አያስፈልግም። አንባቢው ግን የተመልካቹን መደነቅ እንደ ሚዛን ይቀበልና፥ ከአንዱ ወገን ዕውቀት፥ ከሌላው ወገን አለማወቅ እንዳለ አድርጎ ይፈርዳል።

ሐሪስም የዚህ ትርኢት ወራሽ ነው። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል 300 ጠመንጃና መድፎች ነበሩ፤ መድፉም በንጉሡ ፊት ተተኩሷል። ሐሪስ ወደ ሸዋ ከመምጣቱ አስቀድሞ በደቡብ አፍሪቃ ባደረገው የአራዊት አደን የታወቀና ስለዚያም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። እንግዲህ ፍርዱን የሚሰጠው ሰው አዳኝ ነው፤ የአዳኝ ጠመንጃም ከወታደር ጠመንጃ የተለየ ነው። አዳኙ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸለትን፥ ጌታው ራሱ እየሞከረ ያስተካከለውን መሣሪያ ይይዛል። ለነገሥታት በቁጥር ሲሰጥ የነበረው ግን በዚያ ዘመን ለእግረኛ ወታደር የሚታደለው ልሙጥ ጠመንጃ ነው። የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ዒላማ መምታት ማለት ምን እንደ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል።

«ጠመንጃው መታ» ስንል በአንድ ቃል ሦስት ነገር እንናገራለን። አንደኛው የተኳሹ ዐይንና እጅ ነው። ሁለተኛው ጠመንጃው በአንድ ዐይነት ጉርሻ ሲተኮስ አረሩን ሁልጊዜ ወደ አንድ ስፍራ መስደዱ ነው። ሦስተኛው ያ ስፍራ ዐይን ካነጣጠረበት ነጥብ ጋር መገጣጠሙ ነው። አንደኛው በልምምድ፥ ሁለተኛው በመሣሪያውና በጉርሻው ጥራት ይገኛል። ሦስተኛው ግን በሥራ፥ ይኸውም ጠመንጃን ከዒላማ ጋር በማስማማት ብቻ የሚገኝ ነው።

የሥራው አካሄድ ይህ ነው። ባሩዱ ሁልጊዜ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈራል። አረሩ ቅባት በነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ በመጠቅጠቂያው ዘንግ እስከ ባሩዱ ድረስ ይገፋል፤ በአንድ ጥልቀት መቀመጡ እንዲታወቅም ዘንጉ ምልክት ይደረግበታል። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ወይም ጨርቅ በተነጠፈበት ድንጋይ ላይ ይደገፋል። ከዚህ በኋላ በአንድ ነጥብ ላይ እያነጣጠሩ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ይተኩሳሉ፤ ባሩድ ጥቀርሻ ስለሚተውም ከያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀዳዳው ይወለወላል። በአንድ ተኩስ ብቻ አይፈረድም። ምልክቶቹ ተበታትነው ከተገኙ ጥፋቱ የጉርሻው ነውና ማነጣጠሪያው አይነካም። ተሰብስበው ነገር ግን ከነጥቡ ርቀው ከተገኙ ማነጣጠሪያው ይታረማል። የኋላው ማነጣጠሪያ አረሩ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት ወገን ይገፋል፤ የፊተኛው ግን በተቃራኒው። አረሩ ዝቅ ብሎ የሚመታ እንደ ሆነ የፊተኛው በሞረድ ዝቅ ይደረጋል።

ልኩም በሒሳብ ይገኛል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 900 ሚሊሜትር ያለው ጠመንጃ በ50 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር ቢስት፥ መታረም ያለበት 3.6 ሚሊሜትር ነው። አራት ሚሊሜትር የማይሞላ የብረት ስሕተት በ50 ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ስንዝር ያህል ስሕተት ይሆናል ማለት ነው። ከሩቅ ቆሞ የሚመለከት መንገደኛ የሚያየው ስንዝሩን ነው፤ ሚሊሜትሩን አያይም። ስለዚህም የብረቱን ስሕተት በሰውየው ያሳብበዋል።

አሁን ወደ ልሙጡ ጠመንጃ እንመለስ። የታወቀው የእንግሊዝ እግረኛ ጠመንጃ የቀዳዳው ስፋት 19 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ የሚጎርሰው አረር ግን 17.5 ሚሊሜትር ያህል ነበር። ይህ የተደረገው ጥቀርሻ ሲበዛ እንኳ ቶሎ ለማጉረስ እንዲመች ነው። ነገር ግን በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የገባው አረር ግራና ቀኙን እየነካ ይወጣል፤ ሲወጣም ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው በማይችል አኳኋን እየሾረ ይሄዳል፤ መሾሩም ከመንገዱ ያስወጣዋል። ይህን ምክንያት ቤንጃሚን ሮቢንስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። ይህ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ አልነበረውም፤ ከፊት ለሳንጃ መያዣ የተበጀው ጕብታ ነበር እንደ ማነጣጠሪያ የሚያገለግለው። እንግዲህ ከላይ የዘረዘርነው ማስማማት በዚህ መሣሪያ ላይ ሊደረግ አይችልም። የሚገፋ ማነጣጠሪያ የለም፤ ቢኖርም ምልክቶቹ ስለማይሰበሰቡ የሚታረም ነጥብ አይገኝም።

የእንግሊዝ መኮንኖች ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። ኮሎኔል ጆርጅ ሃንገር በ1814 እንደ ጻፈው፥ የተራ ወታደር ጠመንጃ በ80 ያርድ፥ ማለት በ73 ሜትር ያህል፥ ሰው ሊመታ ይችላል፤ በ150 ያርድ፥ ማለት በ137 ሜትር፥ አነጣጥሮበት በተኮሰ ጠላት የተመታ ሰው ግን እጅግ ዕድለ ቢስ መሆን አለበት። ሃንገር ይህን ያለው ስለ ሸዋ ሰው አይደለም፤ በናፖሌዎን ጦርነት ስለ ተፈተነው ስለ ገዛ አገሩ ሠራዊት ነው። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት የዒላማ ትምህርት ቤት በሃይዝ ያቋቋመው በ1853 ነው፤ ይኸውም ሐሪስ 300ውን ጠመንጃ ለንጉሡ ካስረከበ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የመሣሪያው ባለቤት ሠራዊት ገና ያላቋቋመውን ትምህርት፥ ስጦታውን የተቀበለው ባለ ጠመንጃ አላወቀም ተብሎ የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

በሸዋ በብዛት የነበረው ደግሞ ከዚህም የቀደመው፥ በሚጤስ ፈትል የሚለኮሰው ጠመንጃ ነበር። በዚህ መሣሪያ ምላጩ ሲሳብ ፈትሉ ወርዶ ባሩዱን እስኪያቀጣጥል ድረስ ጊዜ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባዱ በርሜል ጥቂት ቢወዛወዝ አረሩ ይስታል። «መደገፊያ ካላገኘ አይተኩስም» የተባለውን ነቀፋ ከዚህ ጋር አስተያይተን እንመልከተው። እንዲህ ላለው ጠመንጃ መደገፊያ መፈለግ ፍርሃት ሳይሆን ዕውቀት ነው። አውሮፓዊውም ባለሙያ ጠመንጃውን ሊያስማማ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያደርገው መደገፍ ነው። ተጓዡ እንደ ጉድለት የመዘገበው ነገር ባለ ጠመንጃው የመሣሪያውን ጠባይ ማወቁን የሚያሳይ ምልክት ነበር።

ስለ ጉርሻውም እንዲሁ። እርሳስ ብርቅ በሆነበት ስፍራ ከብረት የተሠራ አረር ይጎረስ እንደ ነበር ተጓዦቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ብረት በመጠን ከተካከለው እርሳስ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀላል፤ ከቀዳዳው ጋር አይላመድም፤ ቀዳዳውንም ይፍቃል። ዛሬ እርሳስ፥ ነገ ብረት የሚያጎርስ ሰው ጠመንጃውን በአንዱ ቢያስማማው በሌላው ይስታል። ባሩዱም ያገር ውስጥ ሥራ ነበር፤ ጨው በርኖው፥ ዲኑና ከሰሉ በእጅ ሲወቀጥና ሲደባለቅ የዛሬው ከትናንቱ ኃይሉ ይለያያል። ሮሼ ዴሪኩር ለንጉሡ የባሩድ መፍጫ ማምጣቱ የሚያሳየን ይህንኑ ነው፤ የሸዋ ቤተ መንግሥት ጉድለቱ የት እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አገሩ ይጨመራል። ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፥ ከጣርማ በር ሥር በቁልቁለቱ ተሰቅላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከርሷ በታች አገሩ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ይወርዳል። ከዚያ ገደል ጠርዝ ላይ የቆመ ተኳሽ ጠላቱን ወይም አውሬውን የሚያየው ከበላይ ሆኖ ነው። የምድር ስበት አረሩን የሚጎትተው በአግድሙ ርቀት ልክ ስለ ሆነ፥ በ30 ዲግሪ ቁልቁል ወደ ታች 100 ሜትር የሚተኩስ ሰው የ87 ሜትር ያህል አድርጎ ማሰብ ይኖርበታል። በሜዳ የተስማማ ጠመንጃ በቁልቁለትም በዳገትም ከነጥቡ ከፍ ብሎ ይመታል። አየሩም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ አረሩን የሚይዘው ኃይል ያንሳል፤ ርቀቱ ሲጨምር ይህም ይታወቃል። ከቆላው የሚወጣው ጉም በገደሉ ላይ ሲተኛ ደግሞ ባሩድ ርጥበት ይስባል፤ ፈትሉም ይጠፋል። እንግዲህ በዚህ አገር የሚተኩስ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ነገር በለንደን ሜዳ ከሚተኩሰው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ተዳፋትና ዝናብ የሚያደርጉትን ነገር በአሮጌ ጦርነት ላይም እናየዋለን። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከፋላ ተራራ ቁልቁል ወርዶ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገጥም ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከተራራው ላይ የተተኮሰው መድፍ ብዙም ጉዳት አላደረሰም፤ በሠራዊቱ እጅ የነበረው በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲሆን፥ እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርሰውን ስናድር ይዘው ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፥ ከእንግሊዝ ወገን 20 ቆስለው 2ቱ በቁስላቸው ሞቱ። የዚህን ልዩነት ምክንያት በተኳሾቹ ጠባይ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ተዳፋቱን፥ ዝናቡንና የሁለቱን መሣሪያ አጐራረስ መዝለል ይኖርበታል።

እስካሁን የተናገርነው በውጭ ሰዎች ላይ ነው። የራሳችንም ጽሑፍ ግን ከነቀፋ አያመልጥም። ፉከራችንና ሽለላችን ዒላማ መምታትን ከልብ ጽናት የሚመነጭ ያደርጉታል፤ ጀግናው የማይስተው ጀግና ስለ ሆነ ነው። ለቅኔው ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን ይህን እንደ ታሪክ ማስረጃ ስንወስደው ተጓዡ በሠራው ስሕተት ላይ ከተቃራኒው ወገን እንወድቃለን፤ እርሱ መሳቱን ከሰውየው ጠባይ ያገኘዋል፥ እኛ መምታቱን ከሰውየው ጠባይ እናገኘዋለን። በሁለቱም ዘንድ ጠመንጃው፥ ባሩዱ፥ መደገፊያውና ሞረዱ ይጠፋሉ።

ከነርሱም ጋር አንድ ሰው ይጠፋል፤ እርሱም ባለ እጁ ነው። የተሰበረውን ምላጭ የሚቀጥል፥ አረሩን የሚቀጠቅጥ፥ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ የሚሞርድ ይህ ሰው፥ በአገራችን ልማድ ጠይብና ቡዳ እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእጅ ሥራን ይወዱ እንደ ነበር ተጓዦቹ ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ ባለ እጆቹን ጠይቀው የነገሩንን ያህል ስለ ንጉሡ መደነቅ ከነገሩን እጅግ ያነሰ ነው። ዘመናዊዎቹ ሊቃውንትም ቢሆኑ ዋና ጥያቄያቸው ሌላ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1962 ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ ባወጣው ጥናት የተጓዦቹን ቃል በትጋት ሰብስቦ የመሣሪያውን አገባብና ብዛት አሳይቶናል። ሪቻርድ ኮልክ በ1972 ጠመንጃ ከመሳፍንቱ ሥልጣን ጋር ያለውን ግንኙነት መርምሯል። ሁለቱም ሥራዎች ለዚህ መስክ መሠረት ናቸው። የጠመንጃው ቁጥርና የጠመንጃው ፖለቲካ ሲታወቁ ግን የጠመንጃው ሥራ ገና ይቀራል፤ ይህም የብሔረሰብ ጥናት ድርሻ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ የሸዋ ባለ ጠመንጃ ሁሉ አልሞ ተኳሽ ነበር የሚል መደምደሚያ ማንም እንዳያወጣ። ባሩድና እርሳስ ውድ በሆኑበት አገር ሰው ለልምምድ ብሎ ብዙ አይተኩስም፤ ያልተለማመደ እጅም ይስታል። ተጓዡ «ሳተ» ሲል አይቶ ይሆናል፤ ዐይኑን አልጠረጥርም። የምጠረጥረው «ሳተ» ከሚለው ወደ «መምታት አይችልም» የሚሻገርበትን ድልድይ ነው። በዚያ ድልድይ ላይ አምስት ጊዜ የተተኮሰ ሙከራ፥ የተለካ ርቀት፥ የታወቀ ጉርሻ የለም። በዚህ ዐይነት ሚዛን የሐሪስን ጠመንጃ ራሱን ብንመዝነው በ137 ሜትር ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ወደ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎች የምመክረው ጥያቄያቸውን ከሽማግሌው እንዲማሩ ነው። «ይመታ ነበር ወይ?» ከማለት አስቀድሞ፥ የትኛው ጠመንጃ ነበር? አረሩ እርሳስ ነበር ወይስ ብረት? ባሩዱ በምን ይሰፈር፥ በክረምት በምን ይጠበቅ ነበር? ጠመንጃው ሲስት ለማን ይወሰድ ነበር? ያ ሰው ምኑን ይነካው ነበር? ከገደል ወደ ታች ሲተኮስ የት ላይ ይታለም ነበር? በማለት ይጠይቁ። በአፈ ሙዝ የሚጎርሰውን ጠመንጃ በእጃቸው የተኮሱት አልፈዋል፤ ከነርሱ የሰሙትም እየጐደሉ ናቸው። በደብረ ሲና፥ በመንዝ፥ በይፋትና በቡልጋ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ አሮጌ ጠመንጃ ሲገኝም የፊተኛው ማነጣጠሪያ የሞረድ ምልክት እንዳለበት አይቶ መመዝገብ የጥናቱ አንድ ክፍል ይሁን። የሞረድ ምልክት ከተገኘ፥ አንድ ሰው ያን ጠመንጃ ተኩሶ፥ መሳቱን አይቶ፥ ምክንያቱን አስቦ እንዳረመው እናውቃለን። ይህም ከተጓዦቹ መጽሐፍ ውስጥ የጐደለው ምስክር ነው።